የምላጭ ድንጋይና ጭቃው፦ መቼ ይወፍር? መቼ ይቅጠን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቤልጂየም ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ታጣፊ ምላጭና አንድ መሳያ ድንጋይ ገዛሁ። ድንጋዩ በአንድ በኩል ቢጫ፣ በሌላው በኩል ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። አብራው አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ቢጫ ቁራጭ ነበረች። ሻጩ ‹ድንጋዩን በውሃ አርሰህ በትንሿ እሸው፤ በሚወጣው ጭቃ ላይ ምላጩን ሳል› አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ምላጩ የክንዴን ጸጉር ይላጫል፤ ፊቴ ላይ ግን ይጎትታል፣ ያቃጥላል። ጭቃው ላይ ብዙ በቆየሁ ቁጥርም ለውጥ አላይም። ለመሆኑ ጭቃው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ትንሿ ድንጋይስ የግድ ታስፈልጋለች?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከገለጻዎ እንደምረዳው እጅዎ የገባው ኮቲኩል የሚባለው የቤልጂየም ድንጋይ ነው። ለምላጭ ከሚያገለግሉ ድንጋዮች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ችግሩ ከድንጋዩም ከምላጩም አይመስለኝም። ሻጩ የነገረዎት ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ጭቃው ብረቱን ይበላል እንጂ ስለቱን አይጨርስም። ጭቃውን ካወጡ በኋላ በውሃ ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑት እስከ ንጹህ ውሃ ድረስ መሄድ ይኖርብዎታል። እርስዎ የቆሙት ሥራው እኩሌታ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ድንጋዩን ማወቅ ይጠቅማል። የሚወጣው አሁን ካሉበት አገር ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአርደን ኮረብታማ ምድር፣ ቪልሳልምና ሊየርኑ ከሚባሉት ቦታዎች አካባቢ ነው። ዕድሜው ወደ 480 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ቢጫው ክፍል ስስ ንብርብር ነው፤ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር አያልፍም፤ ሰማያዊው ድንጋይ ከላይና ከታች አቅፎት ይገኛል። የእርስዎን ድንጋይ በጎኑ በኩል ይመልከቱት። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር የሚወላገድና እርስ በርሱ የሚገባ ከሆነ፣ ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣም አንድ ነበር ማለት ነው። መስመሩ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ሰው በማጣበቂያ ያገናኘው ነው። ለአሳሳሉ ለውጥ የለውም። ሆኖም በሁለቱም መንገድ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ድንጋዩ ውሃ ስለማይመጥ ጥቅም የለውም፣ የተጣበቀ ከሆነም ሊላቀቅ ይችላል። ከላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

ብረቱን የሚበላው በድንጋዩ ውስጥ የተሰገሰገው ጋርኔት የሚባል ማዕድን ነው። በቢጫው ውስጥ ቅንጣቶቹ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይሆናሉ፤ ከድንጋዩ ይዘት ከ30 እስከ 42 በመቶ የሚሆነውን ይይዛሉ። በሰማያዊው ውስጥ መጠናቸው ከ10 እስከ 25 ማይክሮን ይደርሳል፤ ድርሻቸው ግን ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው። ቅንጣቶቹን አጣብቆ የያዘው ሚካ ከሚባለው ማዕድን ወገን የሆነ ለስላሳ ነገር ነው። ጋርኔት ከ1 እስከ 10 በሚሄደው በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ወደ 7 ይጠጋል፤ ስለዚህ ብረት አይበግረውም። ቅርጹ ግን ብዙ ገጽ ያለው ድቡልቡል በመሆኑ የሚተወው ጭረት ጥልቀት የለውም። ይህን ያህል ትልቅ ቅንጣት ያለው ድንጋይ ለፊት የሚበቃ ስለት ማውጣት የሚችለው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው።

ድንጋዩን በንጹህ ውሃ ብቻ ሲጠቀሙበት ጋርኔቶቹ በየቦታቸው ተቀርቅረው ይቆያሉ፤ ብረቱን የሚነካው ብቅ ያለው ገጻቸው ብቻ ነው። ሥራው አዝጋሚ ይሆናል፤ ብረቱ ግን ተወልውሎ ይወጣል። በትንሿ ድንጋይ ሲያሹት ለስላሳው ሚካ ይለቅና ጋርኔቶቹ ይፈታሉ። ከዚያ በብረቱና በድንጋዩ መካከል እየተንከባለሉ ብረቱን ይነክሱታል፤ ሥራው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የጭቃው ትርፍ ይህ ነው። ኪሳራው የሚመጣው በምላጩ አፍ ላይ ነው። ምላጩን አፉን አስቀድመው ሲገፉት፣ ያ ከአንድ ማይክሮን በታች መቅጠን የሚገባው ጫፍ በጭቃው ውስጥ ከሚንሳፈፉት ቅንጣቶች ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ሁለቱ ጎኖች እየተሳሉ ሳለ ጫፉ በያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ጥቂት ይደነዝዛል። አንድ ቦታ ላይ መሳሉና መደንዘዙ ይተካከላሉ። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል ቢመላለሱ ስለቱ ካለበት ፈቀቅ አይልም። «ብዙ በቆየሁ ቁጥር ለውጥ አላይም» ያሉት ይህንኑ ነው። በደንብ አስተውለዋል።

ማጭድ ወይም የወጥ ቤት ቢላዋ በድንጋይና በውሃ የሳለ ሰው ይህን ኪሳራ አያየውም፤ ለሣርም ለሥጋም ያ ስለት ከበቂ በላይ ነው፣ እንዲያውም ጥቂት ሻካራ አፍ ሥጋ ላይ ሳያንሸራትት ይይዛል። ፊት ላይ ግን ጸጉሩም ቆዳውም አንድ ላይ ስላለ፣ ያልጨረሰ አፍ ጸጉሩን ከመቁረጡ በፊት ይስበዋል፤ ቆዳውንም ይፍቀዋል። ማቃጠሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከሁሉ በፊት ድንጋዩ ለጥ ያለ መሆኑን ያረጋግጡ። ያረጁ ድንጋዮች መሀላቸው ይጎደጉዳል። ገጹ ላይ በእርሳስ አግድምና ቁልቁል መስመሮች አስምረው፣ ወፍራም መስታወት ላይ ባነጠፉት 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ውሃ እያፈሰሱ ይፈግፍጉት። መስመሮቹ በሙሉ ሲጠፉ ገጹ ተስተካክሏል ማለት ነው። የድንጋዩን ሹል ጠርዞችም እግረ መንገድዎን ያዙሯቸው፤ ሹል ጠርዝ የምላጭ አፍ ይሸርፋል። የቀድሞው ባለቤት በዘይት ተጠቅሞበት ከሆነ በመጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት።

ምላጩ ድንጋዩ ላይ ሲተኛ አፉም ጀርባውም መንካት አለባቸው። ጀርባው የማዕዘኑ ጠባቂ ነው፤ ሠሪው የጀርባውን ውፍረትና የምላጩን ስፋት ያመጣጠነው ለዚሁ ብሎ ነው። ስለዚህ ጀርባውን በምንም ምክንያት ከድንጋዩ አያንሱ።

ድንጋዩ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርገው በትንሿ ይሹት። አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ፤ ገጹን ሙሉ ያዳርሱት፣ አለበለዚያ አሁን ያስተካከሉትን መልሰው ያጎደጉዱታል። ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ ይበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሲበዛ ይሻላል» ብሎ ጭቃውን ያወፍረዋል። ውፍረቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ እምብዛም አይጨምርም፤ በአፉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ይጨምራል።

በዚህ ጭቃ ላይ ምላጩን ሳያነሱ ወደፊትና ወደኋላ በአንድ ጎን 30 ጊዜ ያህል ያመላልሱ፤ ከዚያ በጀርባው አገላብጠው በሌላው ጎንም እንዲሁ ያድርጉ። በዚህ ደረጃ አንድ ጣት ምላጩ ላይ አሳርፎ ለስለስ ያለ ግፊት መስጠት ይቻላል። ጭቃው ግራጫ እየሆነ ይሄዳል፤ እየተበላ ያለው ብረት ነው። ምላጩን አድርቀው ከእጀታው አቅራቢያ እስከ ጫፉ ድረስ፣ በየጣት ስፋቱ፣ የክንድዎን ጸጉር እየላጩ ይሞክሩት። አንዲት ቦታ እንኳ የምትዘል ከሆነ ወደ ጭቃው ይመለሱ። እዚህ ምዕራፍ ላይ መጣደፍ ቀጥሎ ያለውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ምላጭ አልሳል ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወድቀው እዚህ ነው። ሁለቱ ጎኖች ጫፉ ላይ ካልተገናኙ ውሃም ሆነ ቆዳ ሊያገናኛቸው አይችልም። የእርስዎ ምላጭ የክንድ ጸጉር ይላጫል ብለዋል፤ ርዝመቱን ሙሉ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ተሻግረዋል።

ሻጩ ያልነገረዎት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጭቃውን አያጥቡት። ጣትዎን ውሃ ውስጥ ነክረው ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ጭቃው ላይ ያንጠባጥቡና በምላጩ ያደባልቁት። አሁን ምልልሱ ይለወጣል፦ አፉን አስቀድመው ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በሰያፍ እየሳቡ ይግፉት፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ በጀርባው ገልብጠው ይመልሱት። ሰያፍ የሚሆነው ድንጋዩ ከምላጩ ስለሚጠብና አፉ ከዳር እስከ ዳር እኩል መነካት ስላለበት ነው። እንዲህ 10 ወይም 15 ጊዜ ካመላለሱ በኋላ እንደገና ጥቂት ጠብታ። ደግሞም ምልልስ፣ ደግሞም ጠብታ። ጭቃው እየሳሳ፣ ከነጭ ወደ ደብዛዛ፣ ከደብዛዛ ወደ ጠራ ውሃ እስኪለወጥ ድረስ ይህን ቢያንስ አሥር ጊዜ ይደጋግሙት። የእጅዎ ግፊትም አብሮ ይቀንስ፤ መጨረሻ አካባቢ ከምላጩ ክብደት በቀር ምንም አይጨመርበትም።

«ለምን አንዴ አጥቤ ወደ ንጹህ ውሃ አልሄድም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ንጹህ ውሃ ላይ ኮቲኩል እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ፣ ወፍራሙ ጭቃ ያደነዘዘውን ጫፍ ለማስተካከል ጉልበት አይኖረውም። ጎኖቹ ያብረቀርቃሉ፤ ጫፉ ግን ዱልዱም እንደሆነ ይቀራል። ጭቃው ጥቂት በጥቂት ሲቀጥን ግን በያንዳንዱ ደረጃ ጫፉን የሚመታው ቅንጣት ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ደግሞ ያንን የቀረውን ድንዛዜ ለመብላት የሚበቃ ፍጥነት ገና አለው። መሳሉ ከመደንዘዙ አንድ እርምጃ እየቀደመ ይሄዳል። የሥራው ምስጢር በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ጠብታዎቹን ያሳነስኩብዎትም ለዚህ ነው።

በሥራው መሀል ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ አፉ እየቀጠነ ሲሄድ ከፊቱ የሚገፋው ውሃ በምላጩ ገጽ ላይ መውጣት ይጀምራል። ውሃው ከአፉ ዳር እስከ ዳር እኩል የሚወጣ ከሆነ መልካም ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ብቻ ከአፉ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ያ ቦታ ገና ነው። ሁለተኛ፣ በደረቅ አየር ወይም በሞቀ ክፍል ውስጥ ውሃው ይተናል፤ እርስዎ ሳያውቁት ጭቃው መልሶ ይወፍራል። ያቀጠኑት መስሎዎት ወደኋላ እየሄዱ ሊሆን ይችላል። ውሃ የያዘ ሳህን አጠገብዎ ይኑር፤ ዓይንዎም ከጭቃው ቀለም አይለይ።

ውሃው ሲጠራ ድንጋዩንም ምላጩንም በደንብ ያጥቡ። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ብቻ 50 ጊዜ ያህል፣ ያለ ምንም ግፊት ያመላልሱ። ከዚያ በጨርቅ ላይ፣ ቀጥሎም በማለስለሻ ቆዳ ላይ ጀርባውን እያስቀደሙ 60 ጊዜ ያህል ይጥረጉት። ቆዳው ላይ ማለስለስን የሚዘሉ አሉ፤ እኔ ግን ቆዳ ያልነካውን ምላጭ ፊቴ ላይ አላደርግም።

ይህ ሁሉ ማቅጠን ለጀማሪ ከበደ ከተባለ አንድ አቋራጭ አለ። የክንድ ጸጉር የሚላጨውን ምላጭ ጀርባውን በአንድ ሽፋን የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይሸፍኑትና ድንጋዩን አጥበው በውሃ ብቻ ይጨርሱት። ጀርባው ጥቂት ከፍ ስለሚል ድንጋዩ የሚሠራው ጫፉ ላይ ባለችው እጅግ ጠባብ ገጽ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ያችን ለማስተካከል ደግሞ የውሃው ዝግተኛነት አይከብድም። ስለቱ ጥሩ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜም ናስትሮውን መልሰው መለጠፍ እንዳለብዎ አይርሱ፤ አለበለዚያ ድንጋዩ ጫፉን አይነካውም። እኔ በበኩሌ ማቅጠኑን መልመድ ይሻላል እላለሁ፤ ድንጋይዎን የሚያውቁት በእሱ ነው። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ኮቲኩሎች እንኳ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም፤ አንዱ ጠጣር ሆኖ ውሃው ጠርቶ ይቆያል፣ ሌላው ለስላሳ ሆኖ በምላጩ ክብደት ብቻ ጭቃ ያወጣል። የእርስዎ ከሁለተኛው ወገን ከሆነ በመጨረሻው ምዕራፍ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይኖርብዎታል።

ስለ ትንሿ ድንጋይ ጠይቀዋል። ሁለት ድንጋዮች ሲፋተጉ ይበልጥ የሚፈርሰው ለስላሳው ነው። ስለዚህ ምላጭዎን የሚስለው ጭቃ ከትልቁ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ከትንሿም የሚወጣ ነው፤ አንዳንዴ አብዛኛው የእሷ ይሆናል። ትንሿም ኮቲኩል ከሆነች ምንም ስጋት የለም፤ በቢጫው ላይ ስትታሽ ቢጫ ከቢጫ ነው የሚወጣው። በሰማያዊው ገጽ ላይ ብትታሽ ድብልቅ ይወጣል፤ ሰማያዊውን ገጽ እኔ ከቢጫው በፊት ላለው ሥራ እንጂ ለመጨረሻ አልጠቀምበትም። አደጋው ትንሿ ቁራጭ ከሌላ ድንጋይ የመጣች እንደሆነ ነው፤ የአሮጌ ዕቃ ሻጮች ያገኙትን ካገኙት ጋር ያጣምራሉ። ጥቂት ጭቃ አውጥተው በሁለት ጣቶችዎ መካከል ያሹት፤ ኮቲኩል ልስልስ ይላል እንጂ አሸዋ አይሰማም። ከዚያ አንድ የማይጠቅም ቢላዋ በዚያ ጭቃ ላይ ይሳሉና በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ከቀሩት ተለይቶ የጠለቀ ጭረት ካዩ ትንሿን አይጠቀሙባት።

ያለ እሷም ይሠራል። ያረጀ ደቃቅ የአልማዝ ሰሌዳ (የአልማዝ ቅንጣት የተለጠፈበት ሰሌዳ) ቢኖርዎ እሱ ከትልቁ ድንጋይ ብቻ ጭቃ ያወጣል፤ ምን እንደተቀላቀለ የሚያጠራጥር ነገር አይኖርም። አዲስ ሰሌዳ ግን ለዚህ አይሁን፤ ያልጠበቀ የአልማዝ ቅንጣት ሊለቅ ይችላል፣ የድንጋዩንም ገጽ ይቧጭራል።

አንድ ቀን ሌላ ድንጋይ የሚገዙ ከሆነ የጭቃው ሕግ እንደሚለዋወጥ ይወቁ። በጃፓን ኪዮቶ አካባቢ የሚወጡት የመጨረሻ ደረጃ ድንጋዮች ብዙ ጊዜ ከሚታሹበት ቁራጭ ይልቅ ጠጣሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ቁራጩ ነው። ከአይቺ ግዛት የሚወጡት ሚካዋ ናጉራ የሚባሉት ማሻ ድንጋዮች ቦታን፣ ቴንጆ፣ መጂሮ፣ ኮማ እየተባሉ ከሻካራ ወደ ደቃቅ ይደረደራሉ፤ የሚስለው ሰው በአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቁራጮቹን ብቻ እየለዋወጠ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። እዚያ የአሠራሩ እምነት ቅንጣቱ በሥራ ብዛት እየደቀቀ ይሄዳል የሚል ስለሆነ ጭቃውን ለማቅጠን አይቸኩሉም፤ ያደቁታል። ጋርኔት ግን እንዲያ በቀላሉ ስለማይደቅ፣ የጃፓኑን ልማድ ይዞ ኮቲኩል ላይ የሚመጣ ሰው እርስዎ ያሉበት ቦታ ላይ ይቆማል። ኤሸር የሚል ስም የታተመባቸው የጀርመን ቱሪንጊያ ድንጋዮች ደግሞ ብዙዎቹ ከየራሳቸው ትንሽ ማሻ ጋር ይሸጡ ነበር፤ ጭቃቸው ለዘብ ያለ ነው፣ መጨረሻቸው ግን እንደ እርስዎ ድንጋይ ንጹህ ውሃ ነው። የአሜሪካው አርካንሳስ ድንጋይ ከሁሉም ይለያል፦ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሲሊካ፣ እጅግ ጠጣር ነው። እዚያ ላይ ጭቃ ለማውጣት አይድከሙ፤ የሚሠራው በዘይት ወይም በውሃ፣ በተወለወለ ገጹ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ በአጭሩ። ድንጋይ ሲያስተካክሉም ሆነ ሲያሹ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ታጣፊ ምላጭም የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቤት ውስጥ ከደም ንክኪ ሊያጸዱት ስለማይችሉ ለወንድምም ለጓደኛም አይዋስ።

ምላጩ አንዴ በትክክል ከተሳለ በየጊዜው ወደ ጭቃ መመለስ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ቆዳው ላይ ይጥረጉት። ሳምንታት አልፈው መጎተት ሲጀምር ደግሞ ድንጋዩን አርሰው በንጹህ ውሃ ብቻ 30 ወይም 40 ጊዜ ያመላልሱት፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይመለሳል። በዚህ ካልተመለሰ በጣም ስስ ጭቃ አውጥተው ከማቅጠኑ አጋማሽ ይጀምሩ። ወፍራም ጭቃና ሙሉው ሂደት የሚያስፈልገው አፉ የተሸረፈ ወይም እንደ እርስዎ ከገበያ የተገኘ አሮጌ ምላጭ ሲሆን ነው። አሁን ያለዎትን ግን ከመጀመሪያው አይጀምሩት፤ ርዝመቱን ሙሉ የክንድ ጸጉር የሚላጭ ከሆነ አዲስ ስስ ጭቃ አውጥተው በቀጥታ ወደ ጠብታዎቹ ይሂዱ።